የንግድ ትምህርት ቤቶች ማዕርግ በማን ሚዛን ይወጣል?

በጎጃም ምድር የትምህርት ቤትን ማዕርግ በሰንጠረዥ ዘርዝሮ የሚያወጣ አካል ከመኖሩ አስቀድሞ፣ የዋሸራና የጎንጅ ስም በቅኔ ገንኖ፣ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር ወደ እነርሱ ይገሰግስ የነበረው፣ ከመምህሩ ዘንድ የወጣው ደቀ መዝሙር በጉባኤ መካከል ቅኔ ሲዘርፍ ሰሚው አድንቆ ስለ መሰከረ ነው። ዛሬ ግን በዘንገና አካባቢ ተወልዶ፣ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀብሎ፣ በንግድ ሥራ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ (ኤምቢኤ) ለመማር የሚያስብ ወጣት፣ ያን ምስክርነት የሚሻው በስልኩ ላይ ከሚያየው የደረጃ ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ በዕድሜው ገና ልጅ ነው። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተቋቁሞ ለአገሪቱ ሒሳብ አዋቂና ጸሓፊ ማውጣት ከጀመረ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ቢዝነስ ዊክ የተባለው መጽሔት የአሜሪካን ትምህርት ቤቶች፣ በ1999 ደግሞ የለንደኑ ፋይናንሺያል ታይምስ የዓለሙን ማወዳደር ጀመሩ።

የዚህን የለንደን ጋዜጣ አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። ወደ ውድድሩ ለመግባት ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ እንደ ኤኤሲኤስቢ ወይም ኤኩዊስ ካለ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ሰጪ የምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት፤ ቀጥሎም ከተመረቁ ሦስት ዓመት ገደማ ለሆናቸው ተማሪዎች መጠይቅ ይላካል፤ ከእነርሱም ቢያንስ 20 በመቶው ካልመለሱ ትምህርት ቤቱ ከዝርዝሩ ይወጣል። የተመራቂው ደመወዝ የየአገሩ ገንዘብ በመግዛት አቅሙ ተመዝኖ ወደ ዶላር ይመነዘራል፤ ለብዙ ዓመታትም ከመቶው ነጥብ 40ው ለደመወዝና ለደመወዝ ዕድገት ብቻ ሲሰጥ ኖሯል። የቀረው ለመምህራን ምርምር፣ ለሴቶችና ለውጭ አገር ዜጎች ቁጥር፣ ለመሳሰለውም ይከፋፈላል። ጀማሪውን ተማሪ እጁን ይዞ ሒሳብ መዝገብ የሚያስተምር ደግ መምህር ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ስፍራ የለውም፤ ኑሮ ያልቀናው ተመራቂም ለመጠይቁ መልስ ለመስጠት ምን ያህል እንደሚተጋ አንባቢ ይፍረድ።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ አደባባይ ሲሰለፉ፣ አንዱ ተመልካች ግልቢያውን፣ ሌላው የመጣብሩን ጌጥ፣ ሦስተኛው የፈረሱን ደም ግባት አይቶ ቢመርጥ፣ ሦስቱም ፈረስ አዋቂ ሳሉ ሦስት አንደኛ ያወጣሉ። የጋዜጦቹም ዝርዝር እርስ በርሱ የሚለያየው ስለዚህ ነው፤ ክብደቱን የሚያከፋፍለው የአዘጋጁ ፈቃድ ነውና።

ከዚህ የከፋው፣ አኃዙን የሚያቀርበው ራሱ ተመዛኙ መሆኑ ነው። በፊላደልፊያ የሚገኘው የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ፎክስ ትምህርት ቤት በኢንተርኔት የሚሰጠው ኤምቢኤ፣ ዩኤስ ኒውስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በሚያወጣው ዝርዝር እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ አራት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ተብሎ ነበር፤ አዲስ ገቢዎቹ ሁሉ ጂማት የተባለውን የመግቢያ ፈተና እንደ ወሰዱ አስመዝግቦ ሳለ፣ ሲመረመር የተፈተኑት ከአምስቱ አንዱ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ዲኑ ሞሼ ፖራት እ.ኤ.አ. በ2021 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሎ በ2022 የ14 ወር እስራት ተፈረደበት። የዝርዝሩ አዘጋጅ ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የተላከለትን ቁጥር አምኖ ማተሙን አላቋረጠም።

በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የሚጠቀሰው ዌቦሜትሪክስ ደግሞ፣ ከስፔን የሚወጣና በዋናው ነገሩ የተቋሙን የድረ ገጽ ገናንነትና የምርምሩን ተጠቃሽነት የሚለካ ስለሆነ፣ ስለ ማስተማር የሚነግረን ኢምንት ነው። ለእኔስ በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የመውጫ ፈተና፣ ጉድለት ቢኖርበትም፣ ከዚህ ይልቅ ይታመናል፤ ሁሉም በየትምህርት ዘርፉ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተፈትኖ በመጀመሪያው ዙር ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ፣ ያን ጊዜ ስንቱን የማስታወቂያ ሰሌዳ እንዳሳፈረ እናውቃለን።

እንግዲህ ወጣቱ ሆይ፣ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት ፕሮግራሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አረጋግጥ፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቁትን ፈልገህ በምን ሥራ እንዳሉና ማን እንዳስተማራቸው ጠይቅ። ዝርዝሩንም አንብበው፤ ነገር ግን በ10ኛውና በ15ኛው መካከል ያለውን ልዩነት ከቁም ነገር አትቁጠረው።