ነገሥታቱ ሙዚቃ ይወዱ ነበርን? ከአንጎለላ የተነሣ ጥያቄ

(በጫጫ ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



ለዛሬ የመረጥሁት ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። የንጉሣውያን ቤተሰብ አባላት ረቂቁን ሙዚቃና ጥበብ በእርግጥ ይወዱት ነበር? ወይስ ማዕረጋቸው ስለሚያስገድዳቸው ብቻ ይቀመጡለት ነበር? በሌላው ዓለም ይህ የተለመደ ወሬ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርለስ ሦስተኛ በተማሪነታቸው ዘመን ቼሎ ይጫወቱ እንደነበር፣ የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ናሩሂቶም ቫዮላ እንደሚጫወቱ ይጻፋል፤ አንባቢም ይደነቃል። እኔ ጥያቄውን እዚህ ማንሣት የፈለግሁት ግን ከዚህች ከተማ ብዙም ሳይርቅ አንጎለላ ስላለች ነው።

አንጎለላ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ የተቀመጡባት ከተማ ናት። የልጅ ልጃቸው ምኒልክም ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያው ነው። በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ሣህለ ሥላሴ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ከነበረው ከካፒቴን ሀሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት በዚህችው አንጎለላ ነበር። ውሉ የተደረገው በንግሥት ቪክቶሪያ ስም ነው። በዚያው በ1834 ዓ.ም.፣ ሐምሌ ላይ፣ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሜንደልሶን ለንደን ቤተ መንግሥት ገብቶ ነበር። ቪክቶሪያ በፊቱ ዘፈነች፤ እርሱም በፒያኖ አጀባት። መርጣ የዘፈነችው ዜማ በሜንደልሶን ስም የታተመ ቢሆንም ደራሲዋ እኅቱ ፋኒ ነበረች፤ እርሱም ይህንኑ ለንግሥቲቱ ነገራት። እንግዲህ ውሉ ላይ ስማቸው የተጠራው የሁለቱ ገዢዎች አንዷ ሙዚቃ መውደዷ አያጠራጥርም፤ ከታላቅ መምህር ተምራለች፣ በገዛ ድምፅዋም ዘምራለች። በእኛ በኩልስ?

በእኛ በኩል መልሱን የሚያከብደው በቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ ነበሩ። እነዚህ የሥልጣን ድምፆች ናቸው። ነጋሪት ማስመታት የሹመት ምልክት ነበረ፤ ዐዋጅ ሲነገር፣ ጦር ሲዘምት ይጎሰማል። ነጋሪቱ የተመታው ንጉሡ ስለ ወደደው ነው የሚል ሰው ማኅተም የሚመታው የቀለሙ ቀይነት ስላማረ ነው እንደሚል ይሆናል። ስለዚህ እርሱን እዚህ ላይ እንተወውና ወደ በገና እንሂድ።

በገና ዐሥር አውታር አለው። አውታሩ ከበግ አንጀት ይፈተላል፤ ገበታው በቆዳ ይለበጣል፤ በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል። ያ ጥልቅ፣ ንብ የሚመስል ድምፅ የሚወጣው ከእንዚራው ነው። በገና አይመታም፣ ይደረደራል። ከበሮና ጭብጨባ አይከተለውም፤ አይጨፈርበትም። በተለይ በዐቢይ ጾም፣ በቤት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ለብቻ ሆኖ የሚደረደር የጸሎት መሣሪያ ነው። ከክራር ጋር ቢመሳሰልም በሕዝቡ አመለካከት የተቀመጡበት ቦታ ለየቅል ነው፤ ክራር የዘፈንና የመጠጥ ቤት ጓደኛ ተብሎ ሲታማ፣ በገና የዳዊት መሣሪያ ተብሎ ተከብሯል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠልቀው። የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ራሱን ከዳዊት ዘር ይቆጥር ነበር። በትውፊታችን በገናን ከኢየሩሳሌም ያመጣው ቀዳማዊ ምኒልክ ነው። በየገዳሙ ባሉ የብራና መጻሕፍት ላይ ንጉሥ ዳዊት በገና ይዞ ተሥሎ እናየዋለን፤ አለባበሱም አቀማመጡም የእኛን ነገሥታት ይመስላል። ስለዚህ አንድ መስፍን ወይም አንዲት እመቤት በጾም ማታ በገና ሲያነሡ ሙዚቃ ብቻ አይደለም የያዙት፤ የአያታቸውን መሣሪያ ነው። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ እንደነበር የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ምኒልክም በበገና ደርዳሪነት ስማቸው ሲነሣ ኖሯል። በቀድሞው ሥርዓት በገና መማር የመኳንንቱ ልጆች የአስተዳደግ ክፍል ነበር።

እንዲህ ከሆነ ወደዱት ማለት ይቻላል? እኔ ይቻላል ባይ ነኝ። ምክንያቴም የዘር ሐረጉ አይደለም። የዘር ሐረግ በገና ግድግዳ ላይ ለመስቀል ይበቃል፤ ለመደርደር ግን አይበቃም። በገና ለመቃኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። አድማጭ የለውም፤ ማንም አያጨበጭብለትም። ሥልጣን ያለው ሰው ከማያስጨበጭብ ነገር ጋር ሌሊቱን ካሳለፈ፣ ያን ነገር ወዶታል ብሎ ማመን ይቀለኛል።

በተቃራኒው ደግሞ አዝማሪን እንመልከት። አዝማሪ ከግብር አዳራሽ አይጠፋም ነበር። ማሲንቆውን ይዞ ጌታውን ያወድሳል፤ በሰምና ወርቅም ይወጋዋል። መኳንንቱ አዝማሪ ሲሰሙ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይሸልማሉ። ደስታቸው እውነተኛ እንደነበረ አልጠራጠርም። ግን ልጃቸውን ለአዝማሪ አይድሩም፤ «አዝማሪ» የሚለውም ቃል ራሱ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ቃሉ ከግእዙ «ዘመረ» መውጣቱን ስናስብ ነገሩ ያስገርማል፤ ከአንድ ሥር የበቀሉት ዘማሪና አዝማሪ አንዱ ወደ መቅደስ፣ ሌላው ወደ በር አጠገብ ተወስደዋል። የአዝማሪን ክብደት በቁም ነገር የመዘነው፣ ያሳዝናል፣ ጠላት ነው። በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ዘዋሪ ዘፋኞችና ጠንቋዮች ተይዘው እንዲገደሉ ሲያዝ ቃላቸው ሕዝቡን እንደሚያነሣሣ ተረድቶ ነበር።

ስለዚህ «ሙዚቃ ይወዱ ነበር» ስንል ሙዚቃውን ነው ወይስ ሙዚቀኛውን ብለን መለየት ይኖርብናል። የዚህ ልዩነት ሥዕል በቅዱስ ያሬድ ታሪክ ውስጥ አለ። በትውፊቱ እንደሚነገረው፣ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በጦሩ ተደገፈ፤ የጦሩ ጫፍ የያሬድን እግር ወጋው። ደሙ እስኪፈስ ድረስ ንጉሡም ያሬድም አላወቁም። ንጉሡ ባወቀ ጊዜ ደንግጦ የወደድኸውን ጠይቀኝ አለው። ያሬድ የጠየቀው ወርቅ አልነበረም፤ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ለመሄድ ፈቃድ ነው። ይህን ታሪክ ሊቃውንቱ የሚተርኩት የዜማውን ኃይል ለማሳየት ነው፤ ልክም ናቸው። እኔ ግን ሳነበው ዓይኔ ከጦሩ አይነሣም። የንጉሡ ፍቅር ፍጹም ነበር፤ እግሩ የተወጋው ግን ያሬድ ነው።

ወደ ምኒልክ ልመለስ። የአንጎለላው ልጅ ለአዲስ ድምፅ ጆሮ ነበራቸው። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ተልከውላቸዋል፤ በአገራችን የማርሽ ሙዚቃ ጅማሬ ከዚህ ይቆጠራል። ቀደም ብዬ የጠቀስኋት ቪክቶሪያ በ1898 እ.ኤ.አ. ድምፅዋን በፎኖግራፍ አስቀርጻ ለምኒልክና ለጣይቱ ላከች፤ እነርሱም በዓመቱ በድምፃቸው መለሱ። ለአያታቸው በአንጎለላ በወረቀት የመጣው ወዳጅነት ለልጅ ልጁ በሰም ላይ በተቀረጸ ድምፅ መጣ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን ተልከው ሳለ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። የሄዱት የመኪና ሙያ ለመማር ነበር።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለሙዚቃ ያደረጉት በመጠን ከሁሉም ይበልጣል። ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ በ1916 ዓ.ም.፣ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከነመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። በ1948 ዓ.ም. ለኢዮቤልዩ በዓል ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው አዳራሽ ተመረቀ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም በአሸናፊ ከበደ መሪነት የተቋቋመው በዚያው ዘመን ነው። እነዚህን ሁሉ ሳይ ግን ከፍቅር ይልቅ የመንግሥት ግንባታ ዕቅድ ይታየኛል። ዘመናዊ አገር ባንክ እንደሚያስፈልገው ኦርኬስትራም ያስፈልገዋል ተብሎ ታሰበ። ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም። ፍቅር ብቻውን አዳራሽ አይሠራም፤ በጀትም ያለ ፍቅር ብዙ ሙዚቀኛ አሳድጓል።

በዚያ ዘመን ግን አንዲት ሴት ነበረች። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር፣ በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም፣ ከቤተ መንግሥት ቅርብ በሆነ ቤት የተወለደች፣ ስዊዘርላንድ የተማረች፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ አሲናራ ደሴት የተጋዘች፣ ከነጻነት በኋላም በካይሮ ከኮንቶሮቪች ቫዮሊንና ፒያኖ የተማረች ናት። ለንደን ሄዳ የምትማርበት ዕድል ተገኝቶ ሳለ ከባለ ሥልጣናት ፈቃድ ሳታገኝ ቀረች። ምግብ እስከ መተው ደርሳ ታመመች፤ ከዚያም ግሸን ማርያም ገብታ መነኮሰች። እንግዲህ ኦርኬስትራ የሚያቋቁም መንግሥት ፒያኖ የምትወድ ልጁን በር ላይ መለሳት። እርሷም እንደ ያሬድ ወደ ተራራ ሄደች። ሸክላዋ በጀርመን አገር የታተመው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው፤ ገቢውም ለወላጅ አልባ ልጆች መርጃ ሆነ።

ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ሲወድቅ በገናም አብሮት እንደሚወድቅ ያሰቡ ነበሩ፤ የመሳፍንትና የቤተ ክህነት መሣሪያ ነዋ። ዓለሙ አጋ በያሬድ ትምህርት ቤት ያስተምሩት የነበረው የበገና ትምህርት በደርግ ዘመን ቆመ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ዓለሙ ራሳቸው ከመሳፍንት ወገን አይደሉም፤ በገናን በልጅነታቸው የተማሩት በእንጦጦ ጎረቤታቸው ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። ከእርሳቸውም ሌሎች ተማሩ። ዛሬ በአዲስ አበባ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው በገና የሚማሩትን ወጣቶች ብትቆጥሩ፣ በማንኛውም ንጉሥ ዘመን ከነበሩት ደርዳሪዎች ቢበልጡ እንጂ አያንሱም ብዬ እገምታለሁ። ከእነርሱ መካከልም አብዛኞቹ የገበሬ፣ የሠራተኛና የነጋዴ ልጆች ናቸው።

አንጎለላን የመታሰቢያና የጉብኝት ስፍራ ለማድረግ በሚታሰብበት ጊዜ በዚያ ምን ይሰማ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ነጋሪት ቢጎሰም አልቃወምም፤ ሥርዓቱን ያሳያል። በገናም ይደርደር፣ ማሲንቆም ይመታ። ነገር ግን ማሲንቆ የሚመታው ሰው በንጉሡ ዘመን እንደነበረው በር አጠገብ ቆሞ፣ ሽልማት ጠብቆ፣ በበዓል ቀን ብቻ የሚጠራ እንዲሆን ነው የምንፈልገው? ወይስ ደመወዝ፣ ስምና ወንበር ይኑረው? ይህን የምጠይቀው እዚህ የተቀመጡትን የባህልና የትምህርት ኃላፊዎች ጭምር ነው። ጊዜ ስላለን ከእነርሱ መልስ እንጀምር፤ ከዚያ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።