ጨው ወይስ ፕሮቲን?

ሀደሮን የምናውቃት በዝንጅብሏ ነው። ለብዙ ዓመታት የአካባቢው ገበሬ የገንዘብ ምንጭ ሆኖ የኖረው ይህ ተክል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በተዛመተው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ክፉኛ ተጎድቷል። ሥር የምንለው ክፍሉ፣ በትክክል ከተባለ ከመሬት በታች የሚያድገው ግንዱ፣ ወተት የሚያረጋና ሥጋ የሚያለሰልስ ኢንዛይም ይዟል። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎች ከዝንጅብል ኢንዛይሞች አንዱን አጥርተውና ወደ ክሪስታልነት ለውጠው፣ የአቶሞቹን አቀማመጥ በኤክስሬይ በ2.1 አንግስትሮም ጥራት አሳይተዋል።

ወደዚያ ከመደረሱ በፊት ግን ማንኛውም የዘርፉ ተመራማሪ በማይክሮስኮፕ ፊት የሚገጥመው ጥያቄ አለ፦ በጠብታው ውስጥ የሚያብረቀርቀው ነገር ፕሮቲን ነው ወይስ ጨው? ፕሮቲኑ ከፈሳሹ እንዲለይ ብዙ ጊዜ ጨው ስለሚጨመርበት፣ ውሃው ሲተን ጨዉ ራሱ ቀድሞ ክሪስታል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ያልተገነዘበ ተማሪ ወራት የፈጀ ድካሙን ለጨው ይገብራል።

ቅርጽ ብቻውን አያዋጣም። ሁለቱም ዝርግ ገጽና ስለታም ጠርዝ አላቸው፤ መርፌ መሳይ መሆንም ማስረጃ አይሆንም። በጎደሬ ውስጥ ያሉት፣ አፍ የሚያሳክኩት ጥቃቅን መርፌዎች የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች እንጂ ፕሮቲን አይደሉም። ብርሃን ይበልጥ ይረዳል። ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ማጣሪያዎችን በ90 ዲግሪ አጣልፈን ክሪስታሉን በመካከላቸው ስናኖር፣ ብዙ ጨዎች በደማቅ ቀለማት ያበራሉ፤ ፕሮቲን ግን ደብዘዝ ይላል። ይሁንና የገበታ ጨው፣ ክሪስታሉ ኪዩብ ስለሆነ፣ ጨርሶ አይበራም። ስለዚህ ጨለማ አይተን «ፕሮቲን አገኘን» ማለት የለብንም።

እኛ ይበልጥ የምናምነው በቀጭን መርፌ መንካትን ነው። ጨው ይጠነክራል፣ ሲሰበርም ቀጭ ይላል፤ ፕሮቲን እንደ አይብ ይፈረፈራል። ምክንያቱ ውሃ ነው፤ ከፕሮቲን ክሪስታል ይዘት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ፈሳሽ ነው። በርናልና ዶሮቲ ክሮውፉት (በኋላ ሆጅኪን) እ.ኤ.አ. በ1934 ጥርት ያለ የኤክስሬይ ምስል ያገኙት የፔፕሲንን ክሪስታል ከነፈሳሹ በማቆየታቸው ነበር። በዚያው የውሃ መተላለፊያ ሜቲሊን ብሉ የተባለው ማቅለሚያ ገብቶ የፕሮቲኑን ክሪስታል ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ወደ ጨው ግን አይዘልቅም። መርፌውም ቀለሙም ክሪስታሉን ሊያበላሹ ስለሚችሉ፣ ለፈተና የሚሠዋው ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው።

ርካሹ ፈተና ግን አስቀድሞ የሚዘጋጅ ነው፦ ፕሮቲን ብቻ የጎደለው፣ በቀረው ሁሉ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ጠብታ። እዚያም ያው ክሪስታል ከታየ ነገሩ ፕሮቲን አይደለም። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ኤክስሬይ ነው፤ የጨው ነጠብጣቦች ጥቂትና የተራራቁ ሲሆኑ፣ የፕሮቲን ሞለኪውል ግዙፍ በመሆኑ የእሱ ነጠብጣቦች ብዙና የተቀራረቡ ናቸው።