ማር በውኃ ውስጥ መስጠሙ የንጽሕናው ማረጋገጫ አይደለም

የይልማና ዴንሳ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው አዴትና በዙሪያዋ፣ አደይ አበባና ኑግ ካበቡ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ዋናው ማር ይቆረጣል። ማር ገዢዎች በብዙ የአገሪቱ ገበያዎች ጠብታ ማር ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጨምራሉ። ጠብታው ሳይበተን ከሥር ካረፈ ንጹሕ ነው፣ ከተበተነ ባዕድ ነገር አለበት ይባላል።

ይሁን እንጂ ፈተናው የሚያሳየው የማሩን እፍጋትና ዝልግልግነት ብቻ ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን በውኃ ውስጥ ይሰጥማል፤ ዝልግልግ በመሆኑም ቶሎ አይሟሟም። ወፍራም የስኳር ሽሮፕም እንደዚሁ ይሰጥማል።

ማሩን የማጥራት ሥራም በዚሁ ሕግ ይመራል። የአንድ ሊትር ሰም ክብደት 0.96 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ ማሩ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሰፈፍ የሚለው ስያሜም ከመስፈፍ ጋር የተዛመደ ነው። ሆኖም የማሩ ዝልግልግነት ጉዞውን ያዘገየዋል። የቅንጣቷ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቷ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ትልቁ የሰም ቁራጭ ቶሎ ሲወጣ ደቃቁ ለቀናት ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ጠጅ ጣዮች ይህን በተግባር ያውቁታል። ማር በውኃ ሲበረዝ እፍጋቱ ስለሚቀንስ ሰሙን የሚገፋው ኃይል ይዳከማል፤ ሰሙ ግን ከበፊቱ ይልቅ ፈጥኖ ይንሳፈፋል። ምክንያቱም ዝልግልግነቱ ከእፍጋቱ እጅግ በበለጠ መጠን ይወርዳል። ለሽያጭ የሚቀርብ ማር ሊበረዝ ስለማይችል አማራጩ ሙቀት ነው። ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ ዝልግልግነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኘው የአዴት አካባቢ ብርድ፣ ማሩን ሞቅ ባለ ክፍል አስቀምጦ ማሳረፍ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው። በእሳት ማፍላት ግን መዓዛውንና ጥራቱን ያበላሻል።

ኢትዮጵያ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት እንድትልክ በአውሮፓውያኑ 2008 ከተፈቀደላት ወዲህ የምርመራ ጉዳይ የበለጠ ክብደት አግኝቷል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ፣ በማር ውስጥ ያለው ውኃ በጥቅሉ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህንንም በሪፍራክቶሜትር በደቂቃዎች ውስጥ መለካት ይቻላል። መሣሪያው ስኳር የተቀላቀለበትን ማር አይለይም፤ ለዚያ የሱክሮስ መጠኑ በላቦራቶሪ መመርመር ይኖርበታል፤ ጣሪያውም ለአብዛኛው የማር ዓይነት ከመቶ ግራም 5 ግራም ነው።