ለመስክ ሥራ የሚገዛ ሞተር ብስክሌት የጀማሪውን አሽከርካሪ አቅም ያገናዘበ ሊሆን ይገባል

በወረዳና በቀበሌ የሚመደቡ የግብርና፣ የጤናና የውኃ ባለሙያዎች በአንድ ቀን ጉዞ አስፋልት፣ ጠጠርና ጭቃ ያጋጥማቸዋል። ለዚህ ሥራ ተመራጭ የሚሆነው ከፍተኛ ጉልበት ያለው ሳይሆን፣ በሁሉም መንገድ የሚያገለግልና ጀማሪው ሊቆጣጠረው የሚችለው ሞተር ብስክሌት ነው።

በቅድሚያ ሊታዩ የሚገባቸው የመቀመጫው ከፍታና ክብደቱ ናቸው። እግሩ መሬት በሚገባ የማይደርስ አሽከርካሪ በኮረኮንችና በዳገት ላይ ሲቆም ሚዛኑን ለመጠበቅ ይቸገራል። ለአብነት 149 ሲሲ ሞተር ያለው ሆንዳ ኤክስ አር 150 ኤል መቀመጫው ከመሬት 82 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፣ አጠር ያለ ባለሙያ ከግዢው በፊት ተቀምጦ ሊሞክረው ይገባል። የያማሃ ኤጂ 200 ሰንሰለት በበኩሉ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ በመሆኑ ከአቧራና ከጭቃ የተጠበቀ ነው፤ ከፊትና ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው። ይሁንና ከኋላ የሚጫን ከባድ ዕቃ የፊት ጎማውን ስለሚያቀል መሪውን ለመቆጣጠር አዳጋች ያደርገዋል። ለጭቃ የተሠራ ጥርሰ ትልቅ ጎማም በእርጥብ አስፋልት ላይ ሊያንሸራትት ይችላል።

የራስ ቁር ማድረግ በአደጋ ወቅት የሞት ሥጋትን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የኮክሬን የጥናት ግምገማ ያመለክታል። በመሆኑም የግዢ መግለጫ የሚያዘጋጁ ኃላፊዎች ከተሽከርካሪው ዋጋ ጋር የራስ ቁር፣ የአሽከርካሪ ሥልጠናና የመለዋወጫ በጀት አብረው ሊይዙ ይገባል።