ከሽንፈት የተወለደ መታሰቢያ፤ የጦርነት ልምድና የአውስትራሊያውያን ብሔራዊ ማንነት

ብዙ አገሮች ብሔራዊ ክብራቸውን የሚዘክሩት ነፃነታቸውን በተቀዳጁበት ወይም ጠላታቸውን ድል በነሱበት ዕለት ነው። የአውስትራሊያ ሁኔታ ግን ከዚህ ይለያል። አውስትራሊያውያን በየዓመቱ ሚያዝያ 17 ቀን ጎሕ ሳይቀድ በየከተማውና በየገጠር ቀበሌው በሚገኙ ሐውልቶች ዙሪያ ይሰባሰባሉ። የመለከት ድምፅ እየሰሙና የሕሊና ጸሎት እያደረሱ የሚያስቡትም በድል ያልተጠናቀቀ አንድ ዘመቻን ነው። ዕለቱ «የአንዛክ ቀን» በመባል ይታወቃል። «አንዛክ» የሚለው ቃል የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጦር ኮር የእንግሊዝኛ መጠሪያ የመጀመሪያ ፊደላት ተጣምረው ያስገኙት ነው።

አንድ ሕዝብ ሽንፈትን የማንነቱ መሠረት አድርጎ የሚይዝበት ምክንያት ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ምላሽ ለማግኘት የአገሪቱን አመሠራረት መመልከት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አውስትራሊያ እንደ አንድ አገር የቆመችው ስድስት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በ1901 በፌዴሬሽን ሲዋሐዱ ነው። ውሕደቱ የተከናወነው በጦር ሜዳ ሳይሆን በጉባኤና በሕዝብ ድምፅ በመሆኑ፣ አዲሲቱ አገር በዘመኑ አስተሳሰብ ለመንግሥታት መወለድ እንደ ማረጋገጫ የሚቆጠረው የመሥዋዕትነት ታሪክ አልነበራትም። አብዛኛው ነዋሪም ራሱን እንደ እንግሊዛዊ ይመለከት ነበር። እንግሊዝ በ1914 ጦርነት ስታውጅ አውስትራሊያም ያለ ተጨማሪ ውሳኔ የጦርነቱ ተካፋይ ሆነች።

ኤፕሪል 25 ቀን 1915 የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ወታደሮች በጋሊፖሊ ልሳነ ምድር ላይ አረፉ። የዘመቻው ዓላማ የዳርዳኔልስን የባሕር መተላለፊያ በመክፈት የኦቶማን ቱርክን ከጦርነቱ ማስወጣትና ወደ ሩሲያ የሚያደርስ የስንቅና የትጥቅ መሥመር ማስገኘት ነበር። ሆኖም ሙስጠፋ ከማልን የመሳሰሉ አዛዦች የመሩት የቱርክ ጦር ኮረብታዎቹን አላስደፈረም። ከስምንት ወራት ምሽግ ለምሽግ ውጊያ በኋላ የአንዛክ ጦር በዲሴምበር 1915 ስፍራውን ለቆ ወጣ። በዘመቻው ከ8 ሺህ በላይ አውስትራሊያውያን ሞተዋል። አገራቸውን በመከላከል ላይ የነበሩት የኦቶማን ወታደሮች ሕልፈት ደግሞ ከዚህ እጅግ የላቀ ነበር።

የውጊያው ዜና ለአውስትራሊያ ሕዝብ ሲደርስ ግን ከውጤቱ ይልቅ የወታደሮቹ ጽናት ጎልቶ ወጣ። ከጦሩ ጋር የዘመተው ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ ቢን፣ አውስትራሊያዊው ወታደር ለማዕረግ የማይንበረከክ፣ በችግር ጊዜ የሚቀልድና ከሁሉ በላይ ባልንጀራውን የማይከዳ መሆኑን ጻፈ። ይህ ሥዕል በሕዝቡ ዘንድ ሥር ሰደደ፤ «ጓዳዊነት» የሚለው እሴትም የብሔራዊ ማንነት መገለጫ ሆነ። በካንቤራ የሚገኘው የአውስትራሊያ የጦርነት መታሰቢያ ተቋም በ1941 የተከፈተው የቢን ሐሳብ ፍሬ ሆኖ ነው።

የኪሳራው ስፋትም ለዚህ ስሜት አስተዋጽኦ አድርጓል። የአገሪቱ ሕዝብ 5 ሚሊዮን በማይሞላበት ወቅት ከ416 ሺህ በላይ ሰዎች ለውትድርና ተመዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል ከ60 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። አብዛኞቹ የወደቁት በጋሊፖሊ ሳይሆን በፈረንሳይና በቤልጅየም ግንባር ነበር። አስከሬናቸው ወደ አገር ባለመመለሱ በየመንደሩ የቆሙት ሐውልቶች ለቤተሰብ የመቃብር ያህል ሆነው አገልግለዋል።

ይሁን እንጂ ጦርነቱ አንድነትን ብቻ አላመጣም። ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሊ ሂውዝ በባሕር ማዶ የሚዘምት ጦር በግዴታ ለመመልመል በ1916 እና በ1917 ሁለት ሕዝበ ውሳኔዎችን አካሂደው፣ ሕዝቡ ሁለቱንም ጊዜ «አይሆንም» ብሏል። በዚህ ሳቢያ ገዢው የሌበር ፓርቲ ለሁለት ተከፈለ። በመሆኑም የአንዛክ ትውፊት የሚያወድሰው ወዶ ዘማቹን ሲሆን፣ መንግሥት ዜጋውን አስገድዶ ወደ ሞት ሊልክ ይችላልን የሚለው ጥያቄም የዚያው ታሪክ አካል ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአውስትራሊያውያን ሌላ ትምህርት አስገኘ። በፌብሩዋሪ 1942 ሲንጋፖር በጃፓን እጅ ስትወድቅ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ አውስትራሊያውያን ተማረኩ። ከአራት ቀናት በኋላ የዳርዊን ከተማ በአየር ተደበደበች። በዚያው ዓመት በኒው ጊኒ በኮኮዳ ጎዳና የተካሄደው ውጊያ ጦርነቱ ወደ አገሪቱ ደጃፍ መቅረቡን አሳየ። በጦርነቱ ወቅት በጃፓን እጅ ከወደቁት ከ22 ሺህ በላይ የጦር ምርኮኞች ከ8 ሺህ የሚበልጡት በምርኮ ላይ ሞተዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ከርቲን አገራቸው ከእንግሊዝ ይልቅ ወደ አሜሪካ እንደምትመለከት አስቀድመው በዲሴምበር 1941 አስታውቀው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የተፈረመው የ1951ዱ የአንዙስ ስምምነት ይህንኑ አቅጣጫ አጸና። የሕዝብ ቁጥር ማነስ ለወረራ ያጋልጣል የሚለው ስጋትም በ1945 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት እንዲቋቋምና የአውሮፓ ስደተኞች በብዛት እንዲገቡ ምክንያት ሆኗል። ዘርን መሠረት ያደረገው የኢሚግሬሽን ፖሊሲ በ1973 ሙሉ በሙሉ ከተሻረ ወዲህ ደግሞ ከእስያና ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአፍሪካ የሄዱ ዜጎች የአገሪቱ አካል ሆነዋል።

በኮሪያ ጦርነት ወቅት የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃዎችና የአውስትራሊያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር በአንድ ወገን ተሰልፈዋል። ከዚያ በኋላ በተካሄደው የቬትናም ጦርነት ግን የአውስትራሊያ ሕዝብ ስሜት ተከፋፈለ። ወጣቶች በትውልድ ቀናቸው ዕጣ እየወጣ መመልመላቸው ቁጣ በመቀስቀሱ በ1970 ታላላቅ የተቃውሞ ሰልፎች ተካሄዱ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉት የቬትናም ዘማቾች ብዙዎቹ ሲመለሱ ተገቢውን አቀባበል አላገኙም። በሲድኒ ከተማ የክብር ሰልፍ የተዘጋጀላቸው በ1987 ነበር።

የአንዛክ ትውፊት ለረጅም ጊዜ ያላካተታቸው ወገኖችም አሉ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወቅት የምልመላ መመሪያው ቢከለክልም ከአንድ ሺህ በላይ ነባር አውስትራሊያውያን ዘምተዋል። ከጦር ሜዳ ሲመለሱ ግን ለተመላሽ ወታደሮች ከተሰጠው የእርሻ መሬት አብዛኞቹ ተጠቃሚ አልሆኑም። ነባር ሕዝቦች በአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ሙሉ በሙሉ እንዲካተቱ የተወሰነው በ1967 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ነው። ነባሮቹ በሰፋሪዎች ላይ ያካሄዱት መከላከልና የደረሰባቸው ጭፍጨፋ በብሔራዊው የመታሰቢያ ተቋም ውስጥ ምን ያህል ቦታ ሊሰጠው ይገባል የሚለው ጉዳይ እስካሁን ያከራክራል። ተቋሙ በ2022 ይህን ታሪክ ሰፋ ባለ መልኩ እንደሚያሳይ ገልጿል።

ለመንግሥት ሠራተኛና ኃላፊ የዚህ ታሪክ ዋነኛ ቁም ነገር መታሰቢያ ማክበርና ዘማችን መንከባከብ አንድ አለመሆናቸው ነው። አውስትራሊያ በ1918 የተመላሽ ወታደሮችን ጉዳይ የሚከታተል መሥሪያ ቤት አቋቁማ ጡረታ፣ ሕክምናና መሬት ሰጥታለች። ይሁንና የመሬቱ አነስተኛነትና ዕዳው ብዙዎቹን ከእርሻቸው አፈናቅሏል። ከመቶ ዓመት በኋላም ችግሩ መልኩን ቀይሮ ታይቷል። በ2020 ይፋ የሆነ ኦፊሴላዊ ምርመራ የአውስትራሊያ ልዩ ኃይል አባላት በአፍጋኒስታን 39 ሰዎችን ከሕግ ውጭ ስለመግደላቸው ተአማኒ መረጃ መኖሩን አመልክቷል። በ2021 የተቋቋመው ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ደግሞ በቀድሞና በነባር የሠራዊቱ አባላት ዘንድ የሚታየውን ራስን የማጥፋት ችግር መርምሮ የመጨረሻ ሪፖርቱን በ2024 አቅርቧል።

እነዚህ ምርመራዎች የአንዛክን ክብር የሚቀንሱ ሳይሆኑ የሚፈትኑ ናቸው። ጓዳዊነትን የማንነቷ መገለጫ ያደረገች አገር፣ ባልንጀራ ማለት ማን እንደሆነ በየዘመኑ ደግማ መመለስ ይጠበቅባታል። የ1915ቱ ዘማቾች ሁሉ በሕይወት የሉም፤ ስማቸው ግን በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። በሕይወት ያሉት ዘማቾች የሚጠብቁት ከድንጋይ ላይ ጽሑፍ ባሻገር የመዝገባቸውን በጊዜው መታየት፣ የሕክምናቸውን መሟላትና የእውነትን አለመደበቅ ነው።