በሃያ ዓመት የተያዘ አቋም

ወጣት ልጃቸው የፖለቲካ ክርክር ሲያበዛባቸው ብዙ ወላጆች «ዕድሜው ነው፤ ሲበስል ይተወዋል» ይላሉ። ተመራማሪዎች ይህን እምነት ከዘጠና ዓመት ገደማ ጀምሮ ሲፈትሹት ኖረዋል። ያገኙት በአብዛኛው ተቃራኒውን ነው፤ ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ የተያዘ አቋም ቶሎ አይለቅም።

ለዚህ ከቀረቡት ማስረጃዎች እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ከአንድ ዕጣ የተገኘው ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ምሽት፣ ዋሽንግተን ውስጥ፣ የዓመቱን ቀናት የያዙ 366 ሰማያዊ የፕላስቲክ ብልቃጦች ከአንድ ትልቅ የመስታወት ዕቃ አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር። ሥርዓቱ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። መጀመሪያ የወጣው ሴፕቴምበር 14 ሆነ። ከ1944 እስከ 1950 ባሉት ዓመታት በዚያ ቀን የተወለዱ አሜሪካውያን ወንዶች ለቬትናም ጦርነት ዘመን ምልመላ 1 ቁጥር ደረሳቸው ማለት ነው። ጁን 8 የተወለዱት ደግሞ 366ኛ ሆነው እፎይ አሉ። በኋላ ጥሪው እስከ 195 ቁጥር ደርሶ ቆመ።

ለተመራማሪ ይህ ብርቅ አጋጣሚ ነው። አንድ ወጣት ጦርነትን ሲቃወም፣ ያስቀየረው ጦርነቱ ይሁን ወይስ ድሮም እንደዚያ ያስብ እንደነበር መለየት ይቸግራል። የልደት ቀን ግን ከሀብትም፣ ከትምህርትም፣ ከአባት ፓርቲም ጋር ዝምድና የለውም። ኬንት ጄኒንግስ የተባለ ምሁር ደግሞ በ1965 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚያጠናቅቁ ተማሪዎችን ከወላጆቻቸው ጋር ጠይቆ ስለነበር፣ ልጆቹ ከዕጣው በፊት የነበራቸው አመለካከት ተመዝግቦ ተቀምጧል። ሮበርት ኤሪክሰንና ላውራ ስቶከር ይህን መዝገብ ከዕጣ ቁጥራቸው ጋር አገናኙት። ያተኮሩት ወደ ኮሌጅ ያቀኑ በነበሩት ወንዶች ላይ ነው፤ ዕጣው እስኪመጣ ድረስ ትምህርታቸው ከምልመላ ሲከልላቸው ቆይቷልና።

ዝቅተኛ ቁጥር የደረሳቸው ወጣቶች ጦርነቱን ይበልጥ የሚቃወሙ፣ ይበልጥ ሊበራል፣ ለዲሞክራት ዕጩዎችም ይበልጥ የሚመርጡ ሆነው ተገኙ። በ1965 የነበራቸው የፓርቲ ወገንተኝነትም ላላ። ይህን ለማምጣት መዝመት አላስፈለገም፤ የመጠራቱ ስጋት ብቻውን በቂ ነበር። የዕጣው አሻራ በ1997፣ ሰዎቹ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ በተሰበሰበው መጠይቅም ይታያል።

ዕድሜው ራሱ ምን ያህል እንደሚመዝን ለመለካት ያይር ጊዛና አንድሩ ጌልማን ከባልደረባቸው ጋር ሆነው የአሜሪካን የምርጫ መረጃ መርምረዋል። በስሌታቸው መሠረት በ18 ዓመት ዕድሜ የደረሰ የፖለቲካ ክስተት፣ በ40 ዓመት ዕድሜ ከደረሰው ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ጎልማሳው አዲሱን ነገር የሚያመዛዝንበት የቆየ ሚዛን አለው። ወጣቱ ሚዛኑን ገና እየሠራ ነው።

ታዲያ የወላጅ ድርሻ የት ገባ? ትልቅ ድርሻ አለው፤ ፖለቲካ አዘውትሮ በሚወራበት ቤት ያደገ ልጅ የወላጆቹን ወገን ይዞ የመውጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ኤልያስ ዲናስ ግን ከዚህ ጋር የሚጋጭ የሚመስል ነገር አስተዋለ። ከቤት ከወጡ በኋላ የወላጆቻቸውን አቋም ለመተው ይበልጥ የቀረቡትም እነዚሁ ናቸው። ምክንያቱ ሲታይ ግልጽ ነው። ስለ ፖለቲካ ማውራት የለመደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ክርክር ካለበት አይቀርም፤ በዚያም ቤቱ ያልሰማውን ይሰማል።

ከቤት ውጭ የሚጠብቀውን ነገር ቀደም ብሎ ያጠናው ቴዎዶር ኒውኮምብ ነው። በ1930ዎቹ በቨርሞንት፣ ቤኒንግተን በሚባል የሴቶች ኮሌጅ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ በአብዛኛው ከባለጸጋና ከሪፐብሊካን ቤተሰብ የመጡ ሲሆን አስተማሪዎቻቸው የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ለውጥ የሚደግፉ ነበሩ። በ1936ቱ ምርጫ ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች 62 በመቶው የሪፐብሊካኑን ዕጩ ላንደንን ሲደግፉ፣ ከሦስተኛና ከአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የደገፉት 15 በመቶው ብቻ ናቸው። ኒውኮምብ ለውጡን በትምህርቱ ብቻ አላሳበበም። በጓደኞቻቸው ዘንድ ከበሬታ የነበራቸው ተማሪዎች ሊበራሎቹ ነበሩ፤ ስለዚህ አዲሲቷ ተማሪ ጓደኛ ስታፈራ አመለካከትም ታፈራለች። ልቧ ከቤተሰቧ ያልተለየው ብዙም አልተቀየረችም። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲያፈላልጋቸው ብዙዎቹ በያዙት አቋም ጸንተው አገኛቸው፤ ባልም ጓደኛም የመረጡት ከሚመስሏቸው ሰዎች መካከል ነበር። ወደ ድሮው የተመለሱት በወግ አጥባቂ አካባቢ ገብተው የቀሩት ናቸው።

ይህን ሳነብ አዲስ አበባ ያለውን የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አለማሰብ አልችልም። ከየጠቅላይ ግዛቱ መጥተው በአንድ መኝታ ቤት ያደሩ፣ ከዘመድ ርቀው አንድ መጽሐፍ የተዋዋሱ፣ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። በዚያው ዘመን ዩኒቨርሲቲው የብሔራዊ አገልግሎት ግዴታ አወጣ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛውም የተመደበው በመምህርነት ነው። በየከተማው ክፍል ውስጥ የጠበቁት ልጆች ገና አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ፣ ከወታደሩ፣ ከታክሲ ነጂውና ከመምህሩ ጋር በየአደባባዩ ከተሰለፉት መካከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይገኙበታል።