እባቡ ዝም ያለው ወዶ ነው ወይስ ፈርቶ?

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች የዚህን ያህል የተደጋገመ የለም፦ «ልጄ እባብ ካልገዛህልኝ ብሎ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። ለመያዝ የማያስቸግረው የትኛው ነው?» ጠያቂዎቹ ባብዛኛው አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ናቸው። ልጁ ትምህርት ቤት አይቶ ወይም ጓደኛው ቤት ነክቶ ይመጣል፣ ከዚያ ቤቱ ይታመሳል። አጭሩ መልስ ቦል ፓይተን ወይም ኮርን ስኔክ ነው። ይኼ ብቻ የሚበቃችሁ እዚህ ላይ መለያየት እንችላለን። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሰው ሁለቱንም «ለማዳ» ብሎ በአንድ ሲጠቀልላቸው ነው። እጅ ላይ ሲወጡ የሚያደርጉት ለየቅል ነውና።

ውሻ ሲዳብሱት ደስ ይለዋል። እባብ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። በዱር ሕይወቱ ከመሬት ብድግ የሚያደርገው ሊበላው የመጣ አውሬ ወይም አሞራ ነው። ስለዚህ የሰው እጅ ሲያነሳው ያሉት ምርጫዎች ጥቂት ናቸው፤ ድርቅ ብሎ መቅረት፣ መሸሽ፣ ማስፈራራት፣ ካልሆነም መንከስ። ጊዜ ከተሰጠው እጁ እንደማይጎዳው ይለምዳል፤ መልመድና መውደድ ግን አንድ አይደሉም። እኛ «ለማዳ» የምንለው ባብዛኛው ሲፈራ የሚያደርገው ነገር እኛን የማያስቸግረንን ዝርያ ነው።

ቦል ፓይተንን እንይ። አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ጋና፣ ቶጎና ቤኒን ለውጭ ገበያ በብዛት ሲልኩት ኖረዋል። አጠር ወፈር ያለ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም የማያልፍ ዘንዶ ነው። ሲፈራ ለመንከስ አይቸኩልም፤ ጭንቅላቱን መሃል ቀብሮ ይጠቀለላል። ቤኒን ውስጥ ዊዳ በምትባል ከተማ ለዚሁ እባብ የተሠራ ቤተ መቅደስ አለ። ጎብኚው አንገቱ ላይ አድርጎ ፎቶ ይነሳል፤ ከግቢው ወጥቶ ሰው ቤት የገባውንም ነዋሪው በክብር ይመልሰዋል።

ጨዋነቱን ግን በእጃችሁ መርምሩት። ተረጋግቶ ከሆነ ሰውነቱ ላላ ይላል፣ ክብደቱን መዳፋችሁ ላይ ይጥላል፣ ምላሱ ቀስ እያለ ይወጣል ይገባል፣ ጭንቅላቱም ፊት ለፊቱን ያስሳል። ፈርቶ ከሆነ ጡንቻው ይወጠራል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ ምላሱም ብቅ አይልም። ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱም ዝም ያለ እባብ ነው፤ ፎቶ ላይማ ጭራሽ አይለዩም። ልደት ላይ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» እየተባለ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ሲዞር ያመሸ ቦል ፓይተን በማግስቱ የቀረበለትን አይጥ ዞር ብሎ አያየውም። ከዚያ ባለቤቱ «እባቤ መብላት አቆመ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ይጽፍልኛል።

ኮርን ስኔክ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እባብ ነው። ቀጠን ያለ፣ ብርቱካናማና ቀይ፣ ሲያድግ ከ90 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር የሚሆን። እጅ ላይ አያርፍም፤ በጣት መሃል ሾልኮ፣ በክንድ ወጥቶ፣ እጅጌ ውስጥ መግባት ነው የሚያምረው። ብዙ ሰው «ይኼስ አልወደደኝም» ብሎ ይመልሰዋል። በተፈጥሮው እየዞረ የሚያድን፣ ዛፍ የሚወጣ እባብ ስለሆነ ነው እንጂ ጠብ የለውም። ጨብጦ መያዝ አያስፈልግም፤ አንዱን እጅ ሲጨርስ ሌላውን ከፊቱ ማቅረብ፣ ከሥር ደገፍ አድርጎ እንዲያልፍ መተው ነው። ገና ከእንቁላል የወጡት ትንንሾቹ ጭራቸውን ያርገበግባሉ፣ ይሰነዝራሉም፤ ሲያድጉና እጅ ሲለምዱ አብዛኞቹ ይተዉታል። ለልጅ አንዱን ምረጥ ብባል ኮርን ስኔክን አስቀድማለሁ። ሲረበሽ ልጁም ያየዋል፤ የቦል ፓይተንን ጭንቀት ለማወቅ ግን ትልቅ ሰውም ይቸግረዋል።

በነገራችን ላይ አክስቴ በመጣች ቁጥር «አንተ ልጅ፣ ይኼን ነገር ከቤት ካላስወጣህ እግሬን አላስገባም!» ትለኛለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ብዬ አልስቅባትም። እፉኝትና ማምባ ባለበት አገር ላደገ ሰው ይህ ፍርሃት ዕውቀት ነው። እዚህ የምጽፈው በሰው እጅ ተፈልፍለው ስላደጉ፣ ለሰው አደገኛ መርዝ ስለሌላቸው እባቦች ብቻ ነው። አገር ቤት ያላችሁ ተከታታዮቼ፣ ከሜዳ ያገኛችሁትን አንስታችሁ እንዳትሞክሩ አደራ።

ኪንግ ስኔክ ደግሞ ችግሩ ፍርሃት ሳይሆን ሆዱ ነው። በዱር መርዘኛውን ራትል ስኔክ ሳይቀር የሚውጥ፣ የዚያም መርዝ እምብዛም የማይጎዳው እባብ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ምግብ የመጣ ይመስለዋል። አይጥ የነካ እጅ ይዛችሁ ከገባችሁ ጣታችሁን ለቀም አድርጎ ማኘክ ይጀምራል፤ ምግብ መስሎት እንጂ ተቆጥቶ አይደለም። መጀመሪያ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያ ከማንሳት በፊት ወገቡን በእባብ መያዣ መንጠቆ ወይም በተጠቀለለ ወረቀት ቀስ አድርጎ መነካካት ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ከተደረገ ንክኪው የምግብ ሰዓት አለመሆኑን ይለምዳል።

ይኸው ዘዴ ለትልልቆቹ ዘንዶዎች ግዴታ ነው። በርሚዝ ፓይተን ሲያድግ ብዙ ጊዜ ረጋ ያለ ነው፤ ግን አምስት ሜትር ሊደርስ የሚችል እንስሳ አንዴ ከተሳሳተ በቂ ነው። እንዲህ ያለውን ሁለተኛ ትልቅ ሰው አጠገብ ሳይኖር መንካት የለም። ፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ ረግረግ ውስጥ ተራብቶ የዱር እንስሳቱን ስላመናመነ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ከውጭ እንዳይገባ ከልክላለች። ለአፓርታማ ኑሮ ባይታሰብ ይሻላል።

ግሪን ትሪ ፓይተን ለዓይን ነው። ሲወለድ ቢጫ ወይም ቀይ ሆኖ ኋላ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ይውላል። ከዚያ እየጎተቱ ማላቀቅ፣ በተለይ ትንሹን፣ አከርካሪውን ሊጎዳው ይችላል። ሳንድ ቦአ አገራችንም የሚገኝ፣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ትንሽ ዘንዶ ነው፤ እጅ ላይ ረጋ ይላል፣ ሲበሳጭ ግን ወደ ጎን በድንገት ይነክሳል። ሆግኖዝ የለየለት ተዋናይ ነው፦ አንገቱን አሳፍቶ ይነፋል፣ አፉን ሳይከፍት ይሰነዝራል፣ ይህ ካልሠራ በጀርባው ተንጋሎ ምላሱን አውጥቶ የሞተ ይመስላል። ብታገላብጡት ራሱን መልሶ ያንጋልላል። ከኋላ ጥርሱ የሚወጣ ቀላል መርዝ ስላለው ነክሶ እንዲያኝክ አትተዉት፤ እጅ ያሳብጣል።

ዝርያው ምንም ይሁን፣ ሰዓቱ ካልሆነ አይያዝም። በልቶ ሁለት ቀን ካልሞላው ያስመልሰዋል። ቆዳውን ሊለውጥ ሲል ዓይኑ ይደፈርሳል፣ አጥርቶ ስለማያይም በትንሹ ይደነግጣል። አዲስ የገባ ደግሞ ሳምንት ያህል ይተው፤ ተረጋግቶ ሲበላ ካያችሁት በኋላ በአሥር ደቂቃ ጀምሩ። ከፊት ለፊት ጭንቅላቱ ላይ አትምጡበት፤ ከጎን ገብታችሁ ወገቡን ከሥር ደግፉ። ከነካችሁ በኋላ መታጠቡም አይቀርም፣ ሳልሞኔላ አለና። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ባይሰጥ ይመረጣል።

ከነከሰስ? አትጎትቱ። ጥርሱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ መጎተት ቁስሉን ያሰፋል፣ የእባቡንም ጥርስ ይሰብራል። አብዛኛው ወዲያው ይለቃል፤ ካለቀቀ ቀዝቃዛ ውሃ አፉ አካባቢ አፍስሱበት፣ ከዚያ ቁስሉን በሳሙና እጠቡ። የነከሳችሁ ትንሽ ኮርን ስኔክ ከሆነ ከመጮኻችሁ በፊት ጣታችሁን እዩት፤ ብዙ ጊዜ ምልክቱም አይገኝም።